ዛፍ ላይ ስለ መተኛት

የላይኛው አልጋ ሲደርሰው የማያጉረመርም ተማሪ ጥቂት ነው። ሌሊት መውረዱ መከራ ነው ይላል፤ አምፖሉ ዐይኔ ላይ ነው ይላል፤ የታችኛው ጓደኛው በተገላበጠ ቍጥር አብሮ መነቃነቁንም እንደ በደል ይቈጥረዋል። እኔ ግን እስካሁን የላይኛውን አልጋ ለምኜ ስወስድ ኖሬአለሁ። ይህን መጻፌም ምክንያቱን ለጠየቁኝ ሁሉ አንድ ጊዜ ላስረዳ ብዬ ነው። እኔ ባደግሁበት አገር ከመሬት ከፍ ብሎ፤ እየተወዛወዙ መተኛት የልጅ ሥራ አንዱ ክፍል ነው።

አገሬ ሀብሩ ነው። ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ሲሪንቃን አልፎ መርሳ ይገባል። መንገደኛው መርሳን የሚያውቃት በማንጎዋና በብርቱካኗ ነው፤ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ወደ ቆላው የሚያይ ሰው ግን የሚያገኘው የማሽላ አገር ነው። ማሽላው በመስከረምና በጥቅምት ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ሲቆም፤ በየማሳው መካከል ብቅ ያለ ማማ ይታያል። ማማ ማለት፤ ለማያውቀው የከተማ ልጅ፤ አራት ባላ ተተክሎ፤ በላዩ እንጨት ተረብርቦ፤ ሣርና አገዳ የተነጠፈበት የጠባቂ መቀመጫ ነው። በማሳው ውስጥ ጥሩ ዛፍ ያለው ገበሬ ግን ባላ መትከል አያስፈልገውም፤ ርብራቡን በቅርንጫፎቹ መካከል ይሠራዋል። የኛም ማማ እንዲህ ያለ ነበር፤ በአንድ ሽማግሌ ሾላ ላይ።

የማማ ሥራ ሰዓት አለው። ግሪሳ የሚበረታው ማለዳና ወደ ማታ ነው። በዚያን ጊዜ ወንጭፉ አያርፍም፤ ጅራፉ ይጮኻል፤ ጕሮሮ ይደርቃል። ፀሓይ አናት ላይ ስትወጣ ግን ወፉም ጥላ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ጠባቂው ጥንቅሹን መጦ፤ ወንጭፉን በእጁ ላይ ጠቅልሎ ጋደም ይላል። ነፋስ ሲመጣ በመጀመሪያ የማሽላው ቅጠል ይሰማል፤ ቀጥሎ ዛፉ ይነቃነቃል፤ ከዚያም ማማው። በአንቀልባ ታዝሎ ያደገ ሰው ይህን መወዛወዝ ሰውነቱ ያውቀዋል። የጄኔቫ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት 12 ሰዎችን ቀስ ብሎ በሚወዛወዝ አልጋ ላይ ቀን አስተኝተው፤ በማይነቃነቅ አልጋ ላይ ከተኙበት ጊዜ ይልቅ ፈጥነው እንቅልፍ እንደ ወሰዳቸው አግኝተዋል። እናቶቻችን ግን ይህን ሳያሳትሙ ሲሠሩበት ኖረዋል።

በሩቅ አገር ሰዎች ይህንኑ ነገር ለመዝናኛ ያደርጉታል። በአሜሪካ በአትላንታ ከተማ ፒተር ጄንኪንስ የሚባል የዛፍ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1983 ዛፍ መውጣትን እንደ ስፖርት የሚያስተምር ማኅበር አቋቋመ። እንዲህ ያሉት ወጪዎች ወገባቸውን ታጥቀው በገመድ ይወጣሉ፤ በቅርንጫፎች መካከል የሸራ አልጋ ወጥረው ያድራሉ፤ ሲተኙም እንኳ ገመዳቸውን አይፈቱም። ይህን ለእናቴ በነገርኋት ጊዜ ቡና እየቈላች ነበር። ማንከሽከሻውን አቁማ፤

«ወፍ የለ፤ ዝንጀሮ የለ፤ ታዲያ ምን ሊጠብቁ ይወጣሉ?» አለችኝ።

«ሊያርፉ ነው፤ እማዬ።»

«መሬቱን ማን ወሰደባቸው?»

መልስ ስላጣሁ የጁልያ ሂልን ታሪክ ጨመርሁላት። ይህች ሴት በካሊፎርኒያ ሊቈረጥ የነበረ እጅግ ረጅም ዛፍ ላይ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 ወጥታ 738 ቀን ሳትወርድ ከቈየች በኋላ፤ ዛፉ እንዳይቈረጥ ስምምነት ሲደረግ ወርዳለች። እናቴ ይህን ሰምታ «እሷስ ጠባቂ ናት» ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች።

የእናቴን ጥያቄ ብዙ አስቤበታለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ዛፍ ላይ ማደር ለሰው ዘር አዲስ ነገር አይመስለኝም። ቺምፓንዚዎች ዛሬም በየምሽቱ ቅርንጫፍ አጣጥፈው መኝታ ይሠራሉ። በ1967 ዓ.ም. ከኛ ቆላ በታች በአፋር ምድር በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አላት። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ጆን ካፕልማን የተባሉ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሊቅና ባልደረቦቻቸው የአጥንቷን ስብራት መርምረው፤ ከ12 ሜትር በላይ ከሚሆን ከፍታ፤ ምናልባትም ከዛፍ፤ ወድቃ ነው የሞተችው አሉ። ሌሊት ከአውሬ ለመሸሽ ዛፍ ላይ ታድር ነበር ብለውም ገመቱ። ራሷን ያገኟት ዶናልድ ዮሐንሰን ግን አልተቀበሉትም፤ እንዲህ ያለው ስብራት ከሞት በኋላም በብዙ እንስሳት አጥንት ላይ ይገኛል ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ለሊቃውንቱ ይቈይ። የወደቀችም ሆነ ያልወደቀች፤ ለሷ ከፍ ብሎ መተኛት ስፖርት አልነበረም።

ለኛም እንዲሁ ነው፤ ቁም ነገሩም ከዚህ ላይ ነው። ማሽላው የሚያሸተው ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ወር ነው። ዝናብ ሲያጥር ያድናል ተብሎ የሚዘራው ፈጥኖ የሚደርሰው ዘር ደግሞ ከጎረቤቱ ቀድሞ ስለሚያሸት ወፉ ሁሉ እሱ ላይ ይረባረባል። ስለዚህ መምህሩ ስም ሲጠሩ ከክፍሉ ወዲያና ወዲህ «ማማ ነው! ማማ ናት!» የሚል መልስ ይሰማ ነበር። እኔ ስድስተኛ ክፍል ስደርስ በቤታችን ምክር ተደረገና «ይኸኛው ልጅ ይማር» ተባለ፤ ወንጭፉም ለታናሽ ወንድሜ ተላለፈ። እኔ ዛሬ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ስለ ግጥም ዜማ የምከራከረው እሱ አምስት መከር ሙሉ ሾላው ላይ ስለ ዋለ ነው። በሁለት ዓመት እበልጠው የነበረው የክፍል ልዩነት አሁን አምስት ሆኗል። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በነፃ ነው ሲባል ስሰማ ዋጋውን የከፈለውን ልጅ አውቀዋለሁና ዝም እላለሁ።

ጓደኞቼ፤ እኔ ማማ ይፍረስ አልልም፤ ማማ የሌለው ማሳ የግሪሳ ነው። ዛሬ የተማረ ሰው ዛፍ ላይ መውጣቱ ነውር ነው የሚሉትንም አልደግፍም፤ አድባር ተብሎ የሚከበረውን ዋርካ ለሽማግሌዎቹ ትቶ፤ ደረቅ ቅርንጫፍ የሌለውን ዛፍ መርጦ፤ ወገቡን በገመድ አስሮ የሚወጣ ሰው ማንንም አይጎዳም። የምለው ዕረፍት ዕረፍት የሚሆነው ሌላ ሰው ማሳውን ሲይዝልን ነው፤ ስለዚህ ተራውን እንክፈለው ነው። ለጅጌ ተጠራርቶ በአንድ ቀን አጨዳ የሚጨርስ አገር ጥበቃን መጋራት አያቅተውም። ትምህርት ቤቶቻችን ብዙዎቹ በፈረቃ ያስተምራሉ። የሁለት ጎረቤት ማሳ የሚያዋስን አንድ ማማ ቢኖር፤ ከሰዓት በኋላ የሚማረው ልጅ ማለዳውን፤ ጧት የሚማረው ደግሞ ወደ ማታውን ይይዛሉ።

ይህን ባለፈው ክረምት ለአባቴ አመልክቼ ነበር። አባቴ ከጎረቤታችን ጋር ተማክረው ሞከሩት። ግሪሳው እንደ ደመና በመጣባቸው ጥቂት ቀናት ሁሉም ሰው ማሳ መዋሉ አልቀረም፤ በቀሩት ቀናት ግን ወንድሜ ከክፍሉ አልተለየም።

በኅዳር መጨረሻ ማሽላው ተቈርጦ፤ አገዳው ተከምሮ ካለቀ በኋላ እናቴ በስልክ «ወንድምህ ምን እንደ ነካው እንጃ፤ ማሳው ባዶ ሆኖ ሳለ ማማው ላይ ወጥቶ ተኝቷል» አለችኝ።

«ወንጭፍ ይዟል?» አልኋት።

«አልያዘም።»

«እንግዲያው ተዪው፤ አትቀስቅሺው» አልኋት።