የአራሚ እንጀራ

ልጆቼ ሆይ፤ የሰው ጽሑፍ እያረመ በግሉ እንጀራውን ሊበላ የሚሻ፥ አስቀድሞ ፊደልን ጠንቅቆ ይወቅ። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ግን የሌላውን ወሰደ ማለት ነው። አንዲት ፊደል ፀሐይን ሌባ ታሰኛለች።

ሁለተኛም ልኩን ይወቅ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ መዝገበ ቃላታቸው ገና አልታተመም ነበር። ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አሰናድተው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት፤ መጽሐፉ ግን በመምህሩ ስም ይጠራል። እናንተም ስሕተቱን አርሙ፤ አሳቡን ግን ባለቤቱን ሳትጠይቁ አትለውጡ።

ዋጋውንና ቀኑን ሥራው ሳይጀመር ተዋዋሉ። አንድ ጊዜ ለፊደሉ፥ አንድ ጊዜ ለምስጢሩ አንብቡ። ባለጽሑፉ ተመልሶ የሚመጣው፥ የታረመለትን ሳይሠጋ ወደ ማተሚያ ቤት መላክ ሲችል ነው።