ወደ ቱሉ ጉዶ

ጎሮ የሚኖር ሰው አውሮፕላን ለማየት አይቸገርም። ሌሊት ወደ ቦሌ የሚወርደው ድምፅ መስኮታችንን ሲያንቀጠቅጠው፣ «ይሄኛው ደግሞ ከየት መጣ?» እንባባላለን። ከእነዚህ በራሪዎች መካከል ዛንዚባር የሚደርስም አለ። ባለጊዜ ሙሽሮች ጫጉላቸውን እዚያ ያሳልፋሉ፤ ዘንባባ፣ ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውኃ፣ ከዚያ ፎቶግራፍ። እኛም ተጋብተናልና ወጉ ይድረሰን ብለን ዋጋውን ጠየቅን። የጉዞ ወኪሏ ልጅ ጨዋ ነበረች፤ ፊታችንን አየት አድርጋ በየወሩ ስለሚከፈል ክፍያ ታስረዳን ጀመር። አመስግነን ወጣን።

ለመሆኑ «ትሮፒካል ደሴት» ማለት ምንድነው? ዛንዚባር ከምድር ወገብ በስተደቡብ 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ ዝዋይ ሐይቅ ደግሞ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሁለቱም እዚያው ሞቃት ቀበቶ ውስጥ ናቸው፤ መላ ኢትዮጵያም እንዲሁ። ዝዋይን የሚለየው ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ መቀመጡና ፖስተር የሚያትምለት ማጣቱ ነው። ድሮ ቢሆን ምጽዋ ተወርዶ ዳህላክ ይታይ ነበር። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ግን የቀሩን የሐይቅ ደሴቶች ናቸው። እነሱንም ቢሆን ስንቶቻችን አየናቸው?

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ዝዋይ ያደረሰን ጆግራፊ አይደለም። ከሁለታችን የአንዷ አያት የዛይ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ከደሴቲቱ ወጥተው፣ ከተማ ለከተማ ሲሉ፣ በመጨረሻ ጎሮ ልጃቸው ቤት ደርሰዋል። ዛይኛ ከሐረሪና ከስልጤ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ የሚናገረውም ሕዝብ ትንሽ ነው። አያታችን ይናገሩት የነበረው ከእህታቸው ጋር ነው። እህትየው ካረፉ ወዲህ እቤት ውስጥ የሚመልስላቸው ሰው የለም። ለልጆቻቸው አላስተማሩም፤ «ምን ሊያደርግላቸው?» ይላሉ። መሄዳችንን ሲሰሙ ግን አንድ ሰላምታ ደጋግመው አስጠኑን። እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን ያዝነው።

ከቃሊቲ መናኸሪያ ዝዋይ፣ በዛሬ ስሙ ባቱ፣ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለ መንገዱ የምንለው የለም፤ እንቅልፍ ወስዶን ነበር። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶና አምባዛ ይበልታሉ፤ አባ ኮዳዎች እንደ ጡረተኛ ዳኛ አንገታቸውን ቀብረው የሆድ ዕቃውን ይጠብቃሉ። ባለ ሞተሩ ጀልባ ላይ ወጣን። ከኋላችን የአበባ እርሻዎቹ ፕላስቲክ ያብለጨልጫል። ሐይቁ ከመቂና ከካታር ወንዞች ይጠጣል፤ እሱን ደግሞ መስኖውም እርሻውም ከተማውም ይጠጡታል። የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይወርዳል። የቦሌውን ቡልቡላ ብቻ ለምናውቅ ሰዎች ስሙ አሳቀን። አብያታ ግን እየሸሸ ነው፤ እሱ አያስቅም።

ከአንድ ሰዓት በላይ ተጓዝን። ቱሉ ጉዶ ማለት በኦሮምኛ ትልቅ ተራራ ነው፤ እውነትም ከውኃው መሀል ብድግ ያለ ተራራ ነው። ዘንባባ የለም። ያለው እርከን ነው። መሬቱ ቁልቁለት ስለሆነ ዛዮች ድንጋይ ደርድረው፣ አፈሩን አቅፈው ይዘው ያርሱታል። ይህን ያህል ድንጋይ ስንት ትውልድ እንደተሸከመው ስናስብ ፎቶግራፍ ማንሣቱን ረሳነው።

ከላይ ደብረ ጽዮን ማርያም አለች። በዮዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦተ ጽዮንን እዚህ አምጥተው 70 ዓመት አቆዩ ይላል ትውፊቱ። ታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከሩበት። እኛ ያየነው፣ በብራና የተጻፉ አሮጌ መጻሕፍትን እስከዛሬ የሚጠብቁ ሰዎችን ነው። ለእኛ ይበቃል። ያ ሁሉ ተጠብቆ ቋንቋው ግን በአንድ እናት፣ በአንድ «ምን ሊያደርግላቸው?» ሊያልቅ መቻሉ ነው የከነከነን።

ስንወርድ አንድ አዛውንት ደጃቸው ላይ መረብ ይጠግናሉ። ከሁለታችን ዛይዋ (እንዲህ ስንላት ትሽኮረመማለች) ጠጋ ብላ ያጠናነውን ሰላምታ አለች። አዛውንቱ መረቡን አስቀመጡ። ቀና ብለው አዩዋትና መናገር ጀመሩ፤ ረዥም ንግግር ነው፤ ወደ ውኃው ያመለክታሉ፣ ወደ ተራራው ያመለክታሉ፣ አንዴ ሳቅ አሉ። ስልካችንን አውጥተን ቀዳን። ሲጨርሱ መልስ ጠበቁ። እኛ ጋ ያለችው ያችው ሰላምታ ናት፤ ደገምናት። አዛውንቱም አንገታቸውን ነቅንቀው፣ በአማርኛ «እሺ ልጆቼ፣ በሰላም ግቡ» አሉን።

ባለ ጀልባው ወጣት እዚያው ተወላጅ ነው። ቀረጻውን አሰማነው። «ግማሹ ይገባኛል» አለ። «የቀረው የሽማግሌ ዛይኛ ነው።» ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ ማዕበሉ ስላስቸገረው ግማሹንም ሳይነግረን ቀረ።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጎሮ ገባን። አያታችን አልተኙም፤ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ስለ ደሴቱ ልንተርክ ስንጀምር እጃቸውን አወናጨፉና ስልኩን ከፈትንላቸው። ጸጥ ብለው ሰሙ። አንዴ ሳቅ አሉ፤ አዛውንቱ የሳቁባት ቦታ ላይ ነው።

«የማን ልጅ ነሽ ነው'ኮ የሚልሽ» አሉ። «አፋፉ ላይ ካለው ቤት ነሽ፣ ወይስ ከታች ከውኃው ዳር ነሽ ይልሻል። ምን አልሽው?»

«ሰላምታውን ደገምኩለት፣ እማዬ።»

«ውይ ልጄ! ሰው እንዲህ ጠይቆ ዝም ይባላል?»

ከዚያም ስልኩን ከእጃችን ወሰዱና ወደ አፋቸው ጠጋ አድርገው፣ በዛይኛ ይመልሱላቸው ጀመር። አንድ አውሮፕላን በላያችን አለፈ፤ ድምፁ እስኪርቅ ጠብቀው ቀጠሉ።