ለቀልዳችን ቤተ ልሔም ማን ይሁነው?

መቼም በጨዋታ መካከል «ይህ ቀልድ የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይወደድም። ሳቁ ይቅደም፣ ባለቤቱ ይደርሳል ነው ነገሩ። እኔን ግን ይህ ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ አልለቀቀኝም። አንዱን ቀልድ ሠርግ ቤት ውስጥ በአለቃ ገብረ ሃና ስም ሰማሁት። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ቀልድ በካሴት ላይ ከሌላ ሰው አንደበት አገኘሁት። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ወጣት በስልኩ ቀርጾ የግሉ አስመስሎ ሲያሰራጨው አየሁ። ሦስቱም ጊዜ ሰው ስቋል፤ እኔም ስቄያለሁ። መጀመሪያ ያሰበው ሰው ግን በሦስቱም ቦታ አልነበረም።

ይህን ሳሰላስል ልቤ ከቀልድ ጋር ምንም የማይገናኝ ወደሚመስል ቦታ ይሄዳል፤ ወደ ጋይንቷ ቤተ ልሔም። ቤተ ልሔም በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የምትገኝ ጥንታዊት ደብር ስትሆን የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓን በየአገሩ የተማረ ደቀ መዝሙር መምህር ተብሎ ወንበር ከመዘርጋቱ በፊት ወደዚያ ወጥቶ ያስመሰክራል። ቃሉን ብቻ ሳይሆን ምልክቱን፣ ማለትም ከቃሉ በላይ የሚሰፈሩትን ጥቃቅን የዜማ ምልክቶች፣ እያንዳንዳቸውን በቦታቸው ማድረስ አለበት። ዜማው የቅዱስ ያሬድ ነው፤ ምልክቱን ደግሞ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሩት ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። አስተውሉ! የዜማው ባለቤት ይታወቃል፤ የምልክቱ ባለቤቶች ይታወቃሉ፤ ተማሪው ከማን እንደተማረ፣ መምህሩም ከማን እንደተቀበለ በቅብብል ይቆጠራል። ትምህርቱ ከአፍ ወደ ጆሮ የሚተላለፍ ሆኖ ሳለ ባለቤት አልባ ነገር የለበትም።

አሁን ወደ ቀልዱ እንመለስ። ከቤተ ልሔም ወደ ምዕራብ፣ ደብረ ታቦርን አልፎ ወደ ጣና ሲወረድ ፎገራ አለ። አለቃ ገብረ ሃና የዚያ አገር ሰው ናቸው። በቅኔው፣ በአቋቋሙና በፍትሐ ነገሥቱ የታወቁ ሊቅ ነበሩ፤ ከዐፄ ቴዎድሮስ እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመንም የቤተ መንግሥቱን ደጅ ያውቁታል። ዛሬ ብቻውን መድረክ ላይ ቆሞ የሚያስቀውን ሰው ኮሜዲያን እንለዋለን። አለቃ መድረክ አልነበራቸውም፤ መድረካቸው የግብር አዳራሹ፣ ደጀ ሰላሙና የገበያው መንገድ ነበር።

ስለ ሙያቸው ለመናገር አንድ የታወቀ ጨዋታ ይበቃል። አለቃ እራት በተጋበዙበት ቤት አይጥ ከመሶብ ሲወጣ ያያሉ። ምንም ሳይሉ በልተው ሲያበቁ ባለቤቲቱን ይመርቃሉ፤ የምርቃታቸው መጨረሻ ቃል «አይጡ» ነው። እመቤቲቱ ቤቷን ማጣት አይድረስበት የተባለ መስሏት አሜን ትላለች፤ አለቃ ግን አይጡን መጥራታቸው ነው። ሰሙ ምርቃት፣ ወርቁ አይጥ። ሁለት ትርጉም የሚሸከም ቃል መምረጥ፣ ያንን ቃል ከንግግሩ መጨረሻ ማስቀመጥ፣ ሰሚው አሜን እስኪል መታገሥ የቅኔ ቤት ሙያ ነው። ዛሬ ለቴሌቪዥንና ለፊልም ኮሜዲ የሚጽፉ ደራስያን ሌሊቱን የሚታገሉት ከዚሁ ጋር ነው።

ይሁን እንጂ የአለቃ ዕጣ ያሳዝነኛል። አለቃ በአቋቋም ላይ አዲስ ስልት ፈጥረዋል። እንቅስቃሴውን ያወጡት የጣናን ማዕበልና በነፋስ የሚወዛወዘውን የሐይቅ ዳር ሸምበቆ ተመልክተው ነው ይባላል። የጎንደር ካህናት ግን አልተቀበሉትም። ልጃቸው ተክሌ ስልቱን ይዘው ወደ ደብረ ታቦር ሄዱ፤ እዚያም ሥር ሰዶ «የተክሌ አቋቋም» ተባለ። እንግዲህ ውጤቱን እዩት። ያልተናገሩት ቀልድ ሁሉ በእሳቸው ስም ይነገራል፤ የደከሙበት ሥራ ግን በልጃቸው ስም ይጠራል። አቋቋሙ በስም ቢያጣቸውም መምህርና ማስመስከሪያ ስላገኘ ከነመልኩ ተጠብቋል። ቀልዱ ይህ አልነበረውምና ያሻው ሁሉ ጨመረበት፣ ያሻው ቀነሰበት።

ቀልድ በወረቀት ላይ ሲሰፍር ምን እንደሚሆን ያሳዩን በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ሩስያ ተምረው የመጡት እኚህ ሰው በ1910ዎቹ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለውን «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ጻፉ። ተውኔቱ የአውሬ ተረት መስሎ ሹማምንቱን የሚሸነቁጥ ስለነበረ ታገደ። ነገር ግን የተጻፈ ነውና ደራሲው ማን እንደሆነ ዛሬ አንከራከርም። ከልካዮቹ እንኳ ማንን እንደሚከለክሉ ያውቁ ነበር።

በ1980ዎቹ እነ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ እነ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ እነ ተስፋዬ ካሣ የከተማውን ሰው በመድረክ፣ በቴሌቪዥንና በካሴት ሲያስቁ ቀልዳችን ቢያንስ የሚታወቅ ድምፅ አገኘ። ድምፁን ሰምተን ስሙን እንጠራ ነበር። ከድምፁ ጀርባ ማን እንደጻፈው የጠየቅን ግን ስንቶቻችን ነን?

ጉዳዩ የክብር ብቻ አይደለም፤ የእንጀራም ነው። ዘፋኝ ሕዝብ የሚያውቀውን ዘፈን ሲደግም ይጨበጨብለታል። ቀልደኛ ግን ሕዝብ የሚያውቀውን ቀልድ ቢደግም ያፏጩበታል። ስለዚህ ሳምንት ሙሉ ያሰበውን ቀልድ ሌላው ቀድሞት ሲያሰራጭበት የሚወሰድበት አንድ ቀን አይደለም፤ ሥራው ጠቅላላ ይሞታል። ብዙ ቀልደኞች ከመድረክ ወደ ድርሰት ጽሕፈት መሻገራቸው ይህንንም ፍለጋ ይመስለኛል። የድርሰት መጨረሻ ላይ ቢያንስ የጸሐፊው ስም በፊደል ይታያል።

ሕጉም የሚያግዘው የጻፈውን ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሥራ ጥበቃ እንዲያገኝ የራስ ፈጠራ መሆኑን ብቻ ሳይሆን የተጻፈ ወይም የተቀረጸ መሆኑንም ይጠይቃል። ያን ካሟላ ግን መብቱ ደራሲው በሕይወት ሳለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። እንግዲህ በቡና መሐል የተወረወረ፣ ያልተጻፈ ቀልድ በሕግ ፊት ነፋስ ነው።

ለቀልዳችን ቤተ ልሔም ያስፈልገዋል የምለው ለዚህ ነው። ደብር ይተከልለት ማለቴ አይደለም። ቀልደኛው ቀልዱን ከነቀኑ ይጻፍ፤ ቴሌቪዥኑ የተናጋሪውን ብቻ ሳይሆን የጸሐፊውንም ስም ያንብብ፤ በስልክ የሚያሰራጨውም ከማን እንደሰማ ይናገር። እኛ አድማጮች ደግሞ ከሳቅን በኋላ «የማን ነው?» እንበል። ባለቤቱን መጥራት ሳቁን አይቀንሰውም። አለቃ ገብረ ሃናም ያልበሉበትን ቤት ዕዳ ከመክፈል ያርፋሉ።