ዋሱ ማን ነው?

መኪናዋን የገዛሁ ዕለት ሰቆጣ ደወልኩ። አባዬ ስልኩን ከእማዬ እጅ ተቀብሎ መጀመሪያ «እግዜር ይባርክልሽ» አለኝ። ቀጥሎ «ዋሱ ማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። «አባዬ፣ መኪና እኮ ነው፤ በሬ አይደለም። የሁለት ዓመት ዋስትና አለው፣ በወረቀት» አልኩት። «እሺ ልጄ» ብሎ ዝም አለ።

ይኸው አሥር ወር አለፈ። ያ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሰው የሚቀምሰው በሚያጣበት አገር ስለ ቅንጡ መኪና ማማረር ነውር ነው የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለወራት ዝም ያልኩትም ይህንኑ ፈርቼ ነው። የዋግ ልጅ ነኝ፤ ድርቅን በወሬ አላወቅሁትም። በጦርነቱ ጊዜ መብራቱም፣ ስልኩም፣ ባንኩም ተቋርጦ ወላጆቼ ይኑሩ አይኑሩ ሳላውቅ ወራት አሳልፌያለሁ። ለዚያች መኪና የከፈልኩት 7 ሚሊዮን ብር የአሥራ ስምንት ዓመት የጨርቅ ንግድ ጥሪቴና ገና ያልተከፈለ የባንክ ብድር ነው። የምፈልገው ደግሞ አንድ ነገር ነበር። እማዬን ከፊት አስቀምጬ፣ ልጄን ከኋላ አድርጌ፣ በሻደይ በዓል ሰሞን የሰቆጣን አቀበት መውጣት።

ኤሌክትሪክ የመረጥኩት ለቅንጦት ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። የኤሌክትሪኩ ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ሆኖ፣ ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ ጉምሩክ ብቻ ይከፍላል ተባለ። ሐሳቡን ያኔም ደግፌዋለሁ፤ ዛሬም እደግፈዋለሁ። በወንዞቻችን ውኃ መብራት እያመነጨን ነዳጅ በዶላር መለመን አይገባንም። ታዲያ መኪናው እንዲገባ በሩ ሲከፈት፣ የሚጠግነውና የሚጠየቅለት ሰውም አብሮ መግባት ነበረበት። ሕመሜ እዚህ ላይ ነው።

በገዛኋት በ19ኛው ቀን ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት ላደርስ ስወጣ መኪናዋ አልነቃም አለች። የበሯ እጀታ በመብራት ካልሆነ ከበሩ ውስጥ አይወጣም። ግቢው ውስጥ ቆመን በጣቴ እየነካካሁ፣ ልጄ ቦርሳዋን እንደያዘች፣ የመኪናዋ ውስጥ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። ከጥገና ቤቱ መጥተው ትንሿን ባትሪ ቀየሩና «ሞልቶ ስላልመጣ ነው» አሉኝ። አራት ቀን ፈጀ። በወሩ ያው ነገር ተደገመ። አሁን «ሶፍትዌር ነው፣ አፕዴት ይፈልጋል» ተባለ፤ አሥራ አንድ ቀን። ሦስተኛው ላይ በመንገድ ላይ እያለሁ ስክሪኑ በቻይንኛ ጽሑፍ ተሞላ። በስልኬ ፎቶ አንስቼ አስተረጎምኩት፤ «በአስተማማኝ ቦታ በፍጥነት ያቁሙ» ይላል። ቀለበት መንገድ ላይ ነበርኩ። ከዚያ ሃያ ሦስት ቀን፣ ከዚያ ዘጠኝ፣ ከዚያ ዕቃ ከቻይና እስኪመጣ አርባ ሰባት ቀን። ደብተር ላይ ደምሬዋለሁ፤ 94 ቀን።

ቀኑን እንኳ እችለው ነበር። ያልቻልኩት «እኛ ስንሞክረው ምንም ችግር የለባትም» የሚለውን ነው። አምስቱንም ጊዜ ይህን ሰማሁ። አንዱ ባለሙያ ባለቤቴን ለብቻው ጠርቶ «እመቤቲቱ አጠቃቀሙን ስላልለመዱት ይሆናል» አለው። መኪናዋን የምነዳት እኔ፣ ዕዳዋን የምከፍለው እኔ፣ የሚያናግሩት እሱን። አንቺ ያየሽውን አላየሽም ሲሉሽ፣ ውለሽ አድረሽ ራስሽን መጠራጠር ትጀምሪያለሽ። ማታ ማታ ወርጄ መብራቷ መጥፋቱን፣ በሯ መዘጋቱን፣ ገመዷ መነቀሉን ሦስት ጊዜ የማይ ሴት ሆንኩ። ጥፋቱ የኔ ቢሆን ብዬ እኮ ነው።

ጥፋቱ የኔ አልነበረም። ይህን የነገረኝ አዲስ አበባ ውስጥ የሶላርና የኢንቨርተር ሥራ የሚሠራ አንድ ወጣት ነው። እንዲህ ብሎ አስረዳኝ፤ ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል። ኤሌክትሪክ መኪና ሁለት ባትሪ አለው። መኪናውን የሚነዳው ትልቁ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይይዛል፤ ሌላው እንደ ማንኛውም መኪና ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ ነው። በሩን፣ ስክሪኑን፣ ኮምፒዩተሩን የሚያነቃው ትንሹ ነው። ትልቁን ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው ማብሪያም በትንሹ ኃይል ካልሆነ አይበራም። ስለዚህ ትልቁ ባትሪ ጢም ብሎ ሞልቶ እንኳ ትንሹ ከሞተ መኪናው ሬሳ ነው። ትንሹን የሚሞላው ደግሞ ከትልቁ ኃይል ቀንሶ የሚያቀብል አንድ መለወጫ ነው።

ወጣቱ መኪናዋን አስነስቶ ትንሿን ባትሪ ለካ። መለወጫው በትክክል ቢሠራ 13.5 ወይም 14 ቮልት ያህል ማሳየት ነበረበት። 12 አሳየ፤ እያየነው ወረደ። «እትዬ፣ ባትሪ መቀየራቸው የተቀደደ ጆንያ ውስጥ እህል እንደመጨመር ነው። ባትሪው ለምን ባዶ እንደሚሆን የጠየቀ የለም» አለኝ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። ቆሜ አለቀስኩ። ደስታም ንዴትም ነበር፤ በዋናው ግን ያየሁትን ያየ ሰው በማግኘቴ።

ወጣቱ ይፍታው እንዳልል፣ ውሉ ላይ ከራሳቸው ጥገና ቤት ውጭ የተከፈተ እንደሆነ ዋስትናው ይፈርሳል ይላል። ያልዳነችው እነሱ ዘንድ ነው፤ ሌላ ጋ እንዳትድን የከለከሉትም እነሱ ናቸው። ወረቀት ላይ የመለኪያውን ቁጥር ጽፌ ወሰድኩላቸው። «እናየዋለን» አሉ። አርባ ሰባት ቀን የቆየችው ያኔ ነው። ስትወጣ ምን እንደተቀየረላት ጠየቅሁ፤ «ቼክ ተደርጋለች» የሚል ወረቀት ተሰጠኝ።

ነሐሴ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ ወደ ሰቆጣ ተነሣን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የስምንት ዓመት ልጄና እህቴ። ሻደይ ነሐሴ 16 ይገባል። ላላያችሁት፣ ሻደይ የዋግ ልጃገረዶች በዓል ነው። ላስታ አሸንድዬ፣ ቆቦ ሶለል ይሉታል። ረጅሙን ለምለም ሣር ወገባችን ላይ አስረን፣ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰን፣ ከበሮ ይዘን እየዞርን እንጫወታለን። እኔ የልጄን ዕድሜ ሳለሁ የታሰረልኝን ሻደይ ዛሬም ወገቤ ላይ ይሰማኛል፤ እርጥበቱ፣ ሽታው፣ ስንዘል የሚያሰማው ድምፅ። ልጄ አዲስ አበባ ተወልዳ አላየችውም። ደሴ ዘመድ ቤት በቤት ሶኬት ቀስ ብሎ እንዲሞላ ሁለት ሌሊት መድበን፣ መንገዱን በኪሎ ሜትር አስልቼ፣ ሁሉን አዘጋጅቼ ነበር።

ጣርማ በር ላይ ቆመች። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የክረምት ጭጋግ ከፊታችን ያለውን መኪና አያሳይም። ስክሪኑ ብልጭ አለ፤ ያው የቻይንኛ ጽሑፍ ወጣ፤ ጠፋች። የአደጋ መብራቷ እንኳ አልበራም። ባለቤቴ ወርዶ በስልክ መብራት ከኋላችን የሚመጣውን ከባድ መኪና እያስጠነቀቀ፣ እኔ ውስጥ ልጄን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ የእያንዳንዱን ሲኖ ትራክ ድምፅ እየቆጠርኩ አንድ ሰዓት ከሩብ ቆየን። ብዙ ነገር ይቅር እላለሁ። ያችን አንድ ሰዓት ከሩብ ይቅር ለማለት ግን እስካሁን አልቻልኩም። ልጄ «እማ፣ ተሠርታለች አላልሽም?» አለችኝ። ብዬ ነበር። ቃሏን የበላች እናት የሆንኩት እኔ ነኝ፤ «ምንም ችግር የለባትም» ያለው ሰው እዚያ ጭጋግ ውስጥ አልነበረም።

መኪናዋ በሎቤድ ተጭና ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። እኛ በሚኒባስ ቀጠልን። የመጨረሻውን የጠጠር መንገድ ያለፍነው በአንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ነው። እሱም በተራው አቀበት ላይ አንገራግሮ ጠፋ። ልቤ ስንጥቅ አለ። ሾፌሩ ግን ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፤ የናፍጣ ማጣሪያውን ፈቶ ውኃውን ደፋ፤ በእጅ ፓምፕ አየሩን አስወጣ። በሩብ ሰዓት ተነሣን። ያ ሞተር ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ኮምፒዩተር የሌለው ነው፤ ቢበላሽም መበላሸቱን አይደብቅም። አሮጌው ይሻላል ለማለት አይደለም። ጭሱን ስንስበው ነው የመጣነው። ግን ሾፌሩ መኪናውን ያውቀዋል፤ ሰቆጣ ደግሞ የሚያውቀው መካኒክ አለው፤ መካኒኩ የት እንደሚገኝ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ነሐሴ 17 ማታ ደረስን። የመጀመሪያው ቀን አልፎናል። እማዬ በር ላይ ቆማ መኪና ሳትፈልግ እኛን ብቻ ስትቆጥር አየኋት።

አባዬ ምንም አላለም። በማግስቱ ልጄ ሻደይ ወገቧ ላይ ታስሮላት ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትወጣ፣ እኔና እሱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ራሴው አነሣሁት። «አባዬ፣ ዋሱ ማን ነው ያልከኝ ለምን ነበር?» አልኩት።

አባዬ በሬ ሲገዛ ልጅ ሆኜ ተከትዬው ሄጃለሁ። ጥርሱን ያያል፣ ሰኮናውን ያነሣል፣ ትከሻውን ይዳስሳል። ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ግን ገንዘብ አይቆጥርም። «ዋስ አምጣ» ይላል። ሻጩ ከገበያው ውስጥ ሁለቱም የሚያውቁትን ሰው ስሙን ጠርቶ ያመጣል። በሬው የሰው ቢሆን፣ ቀንበር ሲያዩት የሚተኛ ቢሆን፣ አባዬ የሚሄደው ወደዚያ ሰው ቤት ነው። ሰውየውን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ያገኘዋል፣ ለቅሶ ያገኘዋል፤ የሚሸሽበት የለውም። «እኔ የጠየቅሁሽ ቢከፋሽ የማን ደጅ ትሄጃለሽ ብዬ ነው» አለኝ።

ዋስትና የሚለው ቃላችን ከዋስ ነው የወጣው። እኔ በገዛሁት ወረቀት ላይ ቃሉ አለ፤ ዋሱ የለም። ስደውል የሚያነሣው ሰው በየወሩ ይቀየራል። ሻጩ ወደ አስመጪው ይልከኛል፤ አስመጪው ወደ ጥገናው፤ ጥገናው ወደ ፋብሪካው። ፋብሪካው ደግሞ መኪናዋን የሠራት ለቻይና ገበያ እንጂ ለኛ አገር አይደለምና ስሟንም አያውቃትም።

ከሰቆጣ ስመለስ ሕጉን ማንበብ ጀመርኩ። አስቀድሜ አለማንበቤ ይቆጨኛል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት እንዲችል ያደርገዋል። የኔዋ የሞተችው በ19ኛው ቀን ነው። አራት ቀን! ለጫማና ለብርድ ልብስ 15 ቀን ይበቃ ይሆናል፤ በሺህ የሚቆጠር ክፍል ላለው መኪና ግን አይበቃም። ከዚያ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገለጥኩ። ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ መሆኑን፣ ገዢ ጉድለቱን እንዳወቀ ወዲያው ለሻጩ ማስታወቅ እንዳለበት፣ ካስታወቀም በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ክስ ካላቀረበ መብቱ እንደሚቀር ይደነግጋል። ለእያንዳንዱ ጥገና ስንመላለስ አንድ ዓመቱ እየተበላ ነው። ወገኖቼ፣ ይህን ልብ በሉ። «ነገ ትወጣለች፣ ሰኞ ነዪ» ሲሏችሁ ጊዜው እየቆጠረ ነው።

የሚጎድለን ስንተኛው ጥገና ላይ ይበቃል እንደሚባል የሚቆርጥ ቁጥር ነው። አሜሪካኖች እንዲህ ያለችውን መኪና «ሎሚ» ይሏታል። ለኛ ሎሚ ጎረምሳ በጥምቀት ለወደዳት ልጅ የሚወረውራት ናት፤ ለነሱ ከላይ አምራ ውስጧ የምትኮመጥጥ ዕቃ። ኮኔቲከት የተባለችው ግዛት በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሕግ አንድ ጉድለት አራት ጊዜ ተሞክሮ ካልተጠገነ፣ ወይም መኪናው በጥገና ምክንያት በድምሩ 30 ቀን ከተያዘ፣ አምራቹ እንዲቀይር ወይም ገንዘብ እንዲመልስ ያስገድዳል። ሌሎቹም ግዛቶች ተከተሏት። በ2022 እ.ኤ.አ. ቶዮታ ቢዚ ፎር ኤክስ የተባለው ኤሌክትሪክ መኪናው የጎማ ብሎን ሊላላ እንደሚችል ሲደርስበት 2,700 ያህሉን ጠርቶ፣ አሜሪካ ላሉ ባለቤቶች መልሼ ልግዛው ብሎ ነበር። ትልቅ ፋብሪካም ይሳሳታል። ስሕተቱን ግን የኔ ነው ብሎ ቆመ።

እኔ 94 ቀን፣ አምስት ጥገና፣ አንድ ጣርማ በር አለኝ። ስድስተኛው አሁን ላይ ነው፤ መኪናዋ ከሎቤድ ከወረደችበት አልተነሣችም። ለመጀመሪያ ጊዜ ካመለከትኩበት የሚቆጠረው አንድ ዓመት በጥቅምት መጨረሻ ይሞላል። ጉድለቱን የማስታውቅበትን ደብዳቤ ጽፌ ጠበቃ አይቶልኛል። የእያንዳንዱ ጥገና ቀን፣ የቮልቱ መለኪያ፣ የስክሪኑ ፎቶዎች ተያይዘዋል። እስካሁን የነገርኳቸውን አብዛኛውን በቃል ስለነገርኳቸው ከእንግዲህ ያለ ፊርማ የሚሰጥ ነገር አይኖርም።

ሰኞ ጠዋት ያን የኢንቨርተር ባለሙያ ወጣት ይዤ ወደ ሻጩ እሄዳለሁ። የምከሰውን ሰው ስም ማጥፋት ስለማልፈልግ እዚህ አልጻፍኩትም። ደብዳቤውን የሚቀበለኝን ሰው ግን ሙሉ ስሙን ከነአያቱ እንዲጽፍልኝ እጠይቀዋለሁ።