ስለ ሕፃናት ጨዋታ

ብዙ ሰዎች ጨዋታና ትምህርት እንደ ውሃና እንደ እሳት የማይስማሙ ይመስላቸዋል። ሕፃኑ በደጅ ጭቃ ሲያቦካ ወይም ጠጠር ሲደረድር ያዩት እንደ ሆነ፥ ጊዜውን በከንቱ ያጠፋ መስሏቸው ይቈጡታል፤ ከማዕዘን ዝም ብሎ የተቀመጠውን ግን ጨዋ ልጅ ነው ብለው ያመሰግኑታል። ነገር ግን ነገሩን አጥብቆ ለመረመረ ሰው፥ ጠጠር የሚደረድረው ልጅ ቍጥርን ይማራል፤ ጭቃ የሚያቦካውም የእጅ ሥራን ይጀምራል። ይህንን እውነት ለሰው ለማስረዳት ዕድሜውን የፈጀ አንድ መምህር ነበረ፤ ስሙም ፍሬድሪክ ፍሮቤል ይባላል።

ፍሮቤል በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1782 ዓመት በጀርመን አገር፥ ደን በበዛበት በቱሪንጊያ አውራጃ ተወለደ፤ ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው እናቱ ሞተችበት። አባቱም ቄስ ነበረና፥ ከምእመናኑ ጕዳይ ብዛት የተነሣ ልጁን የሚጠብቅበት ጊዜ አላገኘም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጣችው እንጀራ እናቱ በመጀመሪያ ወደደችው፤ የራስዋን ልጅ ከወለደች ወዲህ ግን ፊትዋን አዞረችበት፤ «አንተ» ብላ በፍቅር መጥራቱን ትታ እንደ ባዕድ ሰው ትናገረው ጀመር። ሕፃኑም ጓደኛ አጥቶ በቤቱ አትክልት ብቻውን እየዋለ፥ አበባውንና ቅጠሉን እየተመለከተ አደገ። 10 ዓመት ሲሆነው የእናቱ ወንድም ወደ ቤቱ ወሰደው፤ በዚያም ከእኩዮቹ ጋራ መሮጥና መዝለል ተፈቀደለት። ሰውነቱ ግን ጨዋታ ስላልለመደ ከእነርሱ ያንስ ነበር። እንግዲህ ጨዋታ ለልጅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ፍሮቤል ያወቀው አስቀድሞ በማጣቱ ነው።

ካደገ በኋላ የደን ጠባቂነትን ሥራ ተማረ፤ በ1805 ዓመትም በፍራንክፈርት ከተማ መምህር ሆነ። ከዚያም ከ1808 እስከ 1810 ዓመት በስዊስ አገር፥ ኢቨርዶን በምትባል ከተማ፥ ከስመ ጥሩው መምህር ከፔስታሎትሲ ዘንድ ተቀመጠ። ፔስታሎትሲ ልጅ ቃልን ከመሸምደዱ አስቀድሞ ነገሩን ራሱን አይቶና ዳስሶ ሊያውቀው ይገባል ብሎ ያስተምር ነበር። ፍሮቤልም ይህን ትምህርት ተቀብሎ፥ ለታናናሾቹ ሕፃናት እንዴት እንደሚስማማ ብዙ ዘመን አሰበበት። በመጨረሻም በ1837 ዓመት በብላንከንቡርግ ከተማ የሕፃናት ቤት ከፈተ፤ በ1840 ዓመትም «የሕፃናት አትክልት ቦታ» የሚል ስም አወጣለት። ይህንንም ማለቱ ሕፃን እንደ ተክል ነው ሲል ነው፤ አትክልተኛ ተክሉን ይኰተኵተዋል፥ ያጠጣዋል እንጂ ቶሎ እንዲያድግ ብሎ ወደ ላይ አይጐትተውም። በኢትዮጵያም እንዲህ ያለው ቤት መዋዕለ ሕፃናት ይባላል።

በዚያ ቤት የነበረው የጨዋታ ዕቃ ብዙ ዋጋ የሚጠይቅ አልነበረም። መጀመሪያ የሚሰጡት ከበግ ጠጉር የተሠሩ፥ ቀለማቸው ልዩ ልዩ የሆነ፥ በክር የተንጠለጠሉ 6 ኳሶች ናቸው። ቀጥሎም ከእንጨት የተሠሩ 3 ነገሮች ይሰጣሉ፤ አንደኛው ድቡልቡል ኳስ ነው፤ ሁለተኛው 6 ገጹ እኩል የሆነ ጥርብ ነው፤ ሦስተኛው የግንድ ቍራጭ የሚመስል ነው። ኳሱ ይንከባለላል፤ ጥርቡ ባለበት ይቆማል፤ ሦስተኛው ግን ሲያስተኙት ይንከባለላል፥ ሲያቆሙት ይቆማል። እንዲህ ሆኖ ሕፃኑ ማንም ሳያስጨንቀው የነገሮችን ልዩነትና አንድነት ያስተውላል።

ከዚህ በኋላ ለ8 የተከፈለ አንድ ጥርብ በሣጥን ይቀርብለታል። መምህርቱ ሣጥኑን ገልብጣ ስታነሣው 8ቱ ክፍሎች ተጋጥመው እንደ አንድ ሆነው ይታያሉ። ሕፃኑም አስቀድሞ ምሉውን ያያል፤ ከዚያም ለሁለት ከፍሎ የ8 እኩሌታ 4 መሆኑን፥ ዳግመኛም ከፍሎ የ4 እኩሌታ 2 መሆኑን በእጁ ያውቃል። ከዚያም ወንበር ይሠራበታል። ወንበሩን ሠርቶ ድልድይ ያሰኘው እንደ ሆነ አያፈርሰውም፤ ጥቂት በጥቂት እየለወጠ ወንበሩን ድልድይ ያደርገዋል እንጂ። ከክፍሎቹም አንዱን ሥራ ፈት አድርጎ አይተውም። ጨዋታው ሲያልቅ ሁሉን እንደ ነበረ አጋጥሞ ወደ ሣጥኑ ይመልሳል። በዚህም ቍጥርን ብቻ ሳይሆን ትዕግሥትንና ሥርዓትን ያለ አለንጋ ይማራል። ከቤቱም ውጭ ለእያንዳንዱ ሕፃን የራሱ ትንሽ መደብ ነበረው፤ ለሁሉም የሚሆን የጋራ መሬት ደግሞ ነበረ። የራሱን ሲኰተኵት የራሱን ድካም ፍሬ ያያል፤ የጋራውን ሲኰተኵት ለባልንጀራው ማሰብን ይለምዳል።

ሰዎች ግን ይህን ሥራ ቶሎ አላስተዋሉትም። በ1849 ዓመት፥ ዕድሜው 67 ሲሆን፥ ሊበንሽታይን በተባለች ስፍራ ከመንደር ልጆች ጋራ ሲዘልና ሲዘምር ያዩት ሰዎች «አሮጌው ሞኝ» ይሉት ነበር። ቤርታ ፎን ማሬንሆልትስ የተባለች የመኳንንት ወገን የሆነች ሴት ግን ወሬውን ሰምታ ልታየው ሄደች፤ ባየችም ጊዜ ሞኝነት ሳይሆን ጥበብ መሆኑን አስተውላ ደቀ መዝሙሩ ሆነች። ከዚህም የሚከፋ መጣ። በ1851 ዓመት የፕሩሲያ መንግሥት፥ የወንድሙን ልጅ ጽሑፍ ከእርሱ ትምህርት ጋራ አደባልቆ፥ ሕፃናትን ሃይማኖት የለሽ ያደርጋል ብሎ ቤቶቹን በአዋጅ ከለከለ። እርሱም ስሕተቱን ቢያስረዳ የሰማው የለም፤ በሚመጣው ዓመት በ1852 ክልከላው ሳይነሣ ሞተ። አዋጁ የተሻረው በ1860 ዓመት ነው። ነገር ግን ዘሩ አስቀድሞ ባሕር ተሻግሮ ነበር፤ በ1856 ዓመት ማርጋሬቴ ሹርትስ የተባለች ሴት በአሜሪካ፥ በዊስኮንሲን አገር እንደዚሁ ያለ ቤት ከፍታለች። በፍሮቤል መቃብር ላይም ሕፃናት የሚጫወቱባቸው ሦስቱ ቅርጾች፥ ጥርቡና የግንዱ ቍራጭ ኳሱም፥ በድንጋይ ተሠርተው ቆመዋል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ እንዲህ ያለው ሀብት በሩቅ አገር ብቻ ያለ አይምሰላችሁ። ገበጣ የሚጫወት ልጅ ጠጠሩን ከጕድጓድ ወደ ጕድጓድ ሲያድል መደመርንና መቀነስን አስቀድሞም ማሰብን ይለምዳል። ሰኞ ማክሰኞ የምትዘል ልጅ የሳምንቱን ቀኖች በእግርዋ ትቈጥራለች። ቅልሞሽ ዓይንንና እጅን ያስማማል። ማታ በእሳት ዳር «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» የሚል ልጅም፥ መልሱን ቢያጣ አገር ሰጥቶ መሸነፍን በሣቅ ይቀበላል። ለልጁ የሚጐድለው ዕቃ አይደለም፤ ጥቂት ጊዜ ሰጥቶ አብሮት የሚቀመጥ ሰው ነው እንጂ።

ይህም ማለት ፊደል ይቅር ማለት አይደለም፤ ፊደል ጊዜ አለው። ነገር ግን በጨዋታ ማየትን፥ መቍጠርንና ከባልንጀራ ጋራ መስማማትን የለመደ ልጅ፥ ፊደሉን በደስታ ይቀበላል። «ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላልና፥ በሕፃንነቱ ትምህርትን ከፍርሃትና ከልቅሶ ጋራ የያዘ ልጅ ሲያድግም ይሸሻታል፤ ከደስታ ጋራ የያዛት ግን እስከ ሽምግልናው ይወዳታል። የሕፃንነት ዘመን አጭር ነው፤ ካለፈም አይመለስም። ስለዚህ ልጃችሁ ጠጠር ይዞ «ና እንጫወት» ሲላችሁ፥ ሥራ አለብኝ ብላችሁ ከማባረራችሁ በፊት፥ እርሱም በሥራ ላይ መሆኑን አስቡ።