ሞላና ሾክ

በዚህች መጽሔታችን ስለ ፍቅር፣ ስለ ሞትና ስለ ዶርም ትኋን ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ መኪና እግር ነው። «የሥነ ጽሑፍ ተማሪን ከመኪና ጋር ምን አገናኛት?» ብሎ የሚሥቅ ጓደኛ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም ራሴ ከ3 ወር በፊት ብጠየቅ ኖሮ መኪና ማለት መቀመጫና መስኮት ነው ብዬ እመልስ ነበር።

መኪናዋ የታላቅ ወንድሜ ናት። ቪትዝ ናት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ድንጋይ ቢወረወር አንዷን መምታቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓን ውስጥ ስትወጣ ቅርጿን የነደፈው ሶቲሪስ ኮቮስ የሚባል ግሪካዊ ነበር። አውሮፓውያን ደግሞ «ያሪስ» ብለው ተቀበሏትና የ2000 የዓመቱ መኪና አድርገው ሸለሟት። የኛዋ የ2002 ሥሪት ናት፤ እንግዲህ ዘንድሮ ከገቡት ፍሬሽ ተማሪዎች በዕድሜ ትበልጣለች ማለት ነው። ወንድሜ 6 ዓመት ሙሉ ቆጥቦ ነው የገዛት።

ሲገዛት ግን ከፋብሪካ እንደ ወጣችው አልነበረችም፤ የቀድሞው ባለቤት «ከፍ» አስደርጓታል። ነገሩ በከተማችን የተለመደ ነው። ኮብልስቶኑ፣ ጉድጓዱ፣ በየሰፈሩ የተከመረው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ የአጫጭር መኪኖችን ሆድ ይፍቃል። ስለዚህ ከፊት በሾኩ ራስና በመኪናው አካል መካከል ስፔሰር ይገባል፤ ከኋላ በሞላው ጥምዝ መካከል ወፍራም ላስቲክ ይወተፋል። መኪናዋ ወዲያው ቁመት ታወጣለች። ጎማውም ተለቅ ያለ ነበር። የሰፈር ልጆች ዞር ብለው ያዩዋታል፤ ወንድሜም ዞር ብለው እንደሚያዩዋት ያውቃል።

አሁን ወደ እማዬ ልምጣ። እማዬ ወገቧን ታማለች፤ ሐኪሞቹ የዲስክ ችግር ነው ብለዋታል። በሳምንት 2 ቀን ለፊዚዮቴራፒ እንወስዳታለን፤ ወንድሜ ይነዳል፣ እኔ ከኋላ ከጎኗ እቀመጣለሁ። እሷ ከበሩ በላይ ያለችውን መያዣ ጨብጣ ትቀመጣለች፤ እኔ መጽሐፌን እገልጣለሁ። «እማዬ፣ ደህና ነሽ?» ስላት «ደህና ነኝ፣ አንቺ አንብቢ» ትላለች። አነብ ነበር። ለፈተና ነበር የማነበው፤ ኮርሱም የልብ ወለድ ገጸ ባሕርያትን ስሜት ከድርጊታቸው ማውጣት የሚባለው ነበር። ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፍኩ።

አንድ ማክሰኞ እማዬ አልሄድም አለች። ብንለምናት፣ ብንቆጣት እምቢ አለች። በመጨረሻ ለኔ ብቻ፣ ወንድሜ ሳይሰማ፣ «ልጄ፣ መንገዱ ከሕመሙ ይብሳል። እዚያ ያሹኝና ያቀኑኝና ስመለስ መንገዱ መልሶ ይሰብረኛል» አለችኝ። እጇን ሳየው መዳፏ ሥር ቆዳው ደድሯል። ለወራት ያን መያዣ ጨብጣ ስትሄድ እኔ ከጎኗ ነበርኩ።

ለወንድሜ ስነግረው ተቆጣ። «መንገዱ ነው እንጂ መኪናዋ ምን አደረገች? ደግሞ አንቺ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ?» አለ። እውነቱን ነው፣ የማውቀው አልነበረም። ግን የተቆጣው በኔ እንዳልነበር አሁን ይገባኛል። ሰው 6 ዓመት ቆጥቦ እናቱን የሚያሳርፍበትን ነገር ገዝቶ፣ ያ ነገር እናቱን እንደሚያሳምም ሲነገረው ምን ይላል? ሁለት ቀን ሳንነጋገር ሰነበትን። በሦስተኛው ቀን ራሱ «ነይ፣ ጋራዥ እንሂድ» አለኝ።

መካኒኩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል። ምንም ሳይናገሩ የመኪናዋን ጥግ በሁለት መዳፋቸው ወደ ታች ተጭነው ለቀቁ። መኪናዋ ነጠረች፤ እሳቸው ጮክ ብለው ቆጠሩ፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ደህና ሾክ ቢሆን አንዴ ብቻ ተነሥታ ቀጥ ባለች ነበር» አሉ። ቀጥለው «ከኋላ ማነው የሚቀመጥባት?» አሉ። «እናታችን» አልኩ። «ምን ይላሉ?» «ምንም አትልም።» ጋሼ ወንድሜን አዩት፤ ወንድሜ መሬት አየ።

ያን ቀን የተማርኩትን በአጭሩ ልጻፈው። ሞላ የመኪናውን ክብደት ይሸከማል፤ ጉድጓድ ሲመጣም ይጨመቃል። የተጨመቀ ሞላ ግን የወሰደውን ጉልበት ይመልሳል፤ ከልካይ ካላገኘ ደጋግሞ ያነጥራል። ከልካዩ ሾክ ነው። በሾኩ ውስጥ ፒስተን በዘይት መካከል ይመላለሳል፤ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ የንጥረቱ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከጉዞ በኋላ ደህና ሾክ ሲነኩት ሞቅ ይላል፤ የሞተ ሾክ ይቀዘቅዛል። የኛዎቹ አራቱም ዘይታቸውን አንጠባጥበው ጨርሰዋል። የፊተኛው አሠራር፣ ሞላውና ሾኩ ባንድ ላይ የቆሙበት፣ «ማክፈርሰን» ይባላል፤ በ1940ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት በነደፈው አሜሪካዊ መሐንዲስ ስም ነው።

የቋንቋ ነገር ስለማይተወኝ አንድ ልጨምር። «ሞላ» ጣሊያንኛ ነው፤ «ጎማ»ም፣ «ፍሬን»ም፣ «ክሪክ»ም እንደዚያው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1941 ተሸንፎ ሲወጣ ቃላቱ ከጋራዥ አልወጡም። «ሾክ» ግን ከእንግሊዝኛ ዘግይቶ የመጣ ነው። ጋሼ ሁለቱን ቋንቋ ባንድ ዓረፍተ ነገር ሲያስታርቁ በሁለቱም አንድ ዓረፍተ ነገር አያውቁም።

ወንድሜ ተስፋ አልቆረጠም። «እንግዲያው ጋሼ፣ ጠንካራውን ሞላ እናስገባ፤ ስፖርት የሚሉትን» አላቸው። ጋሼ «ጠንካራ ለማን?» ብለው መለሱ። በኋላ ከአራት ኪሎ የፊዚክስ ተማሪ የሆነች ጓደኛዬ በወረቀት አሳየችኝ። የሞላው ሽቦ ውፍረት በ10 በመቶ ቢጨምር ጥንካሬው በ46 በመቶ ይጨምራል። 6 ጥምዝ ካለው ሞላ 2ቱ በላስቲክ ቢታገዱ ደግሞ በቀሩት 4 ብቻ ስለሚሠራ ጥንካሬው 1 ተኩል እጥፍ ይሆናል። ያቺ ውትፍ ላስቲክ መኪናዋን ከፍ ስታደርግ ያደረገችው ይህንን ነበር። ትርፉን የተቀበለው የእማዬ ወገብ ነው።

ገንዘብ ላይ ተቸገርን። ለመመረቂያ ጽሑፌ ኮምፒውተር ልገዛበት ያጠራቀምኩት ነበረኝ፤ አወጣሁት። ወንድሜ «ያንቺን አልነካም» አለ፤ ተጨቃጨቅን፤ በመጨረሻ ግማሽ ግማሽ አደረግነው። ሶማሌ ተራ ወርደን አዳዲስ ሾኮች ገዛን። ጋሼ አስጠንቅቀውን ነበር፤ «ያገለገለ ሾክ አትግዙ፤ ስንት ዕድሜ እንደ ቀረው በዓይን አይታይም። ደግሞ ጥንድ ጥንድ ነው የሚለወጠው፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ መኪናው ያነክሳል» ብለው። የኋላ ሞላዎቹን አውጥተው ጎን ለጎን ሲያቆሟቸው አንዱ ከአንዱ አጥሮ ተገኘ፤ እነሱም ተለወጡ። ስፔሰሮቹ ወጡ፤ ጎማውም ወደ ዱሮው ልክ ተመለሰ።

የፊቱን ሞላ ከሾኩ ለመለየት በመጨመቂያ ብሎኖች ቀስ በቀስ አጠበቡት። ያን ጊዜ ጋሼ ሁላችንንም «ራቅ በሉ» አሉን። ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉት ያን ጊዜ ብቻ ነበር። የታመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላልና ከላይ ያለውን ዳዶ የሚፈቱት ሞላው በደንብ መታሰሩን ሁለት ጊዜ አይተው ነው።

ከሁሉ ያልረሳሁት ግን ጎሚኒው ነው። ጎሚኒ ማለት የጎማውን ክንድ ከመኪናው አካል ጋር በሚያገናኘው ቦታ ያለ ላስቲክ ነው፤ እሱም አርጅቶ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ተለወጠ። መኪናዋ በክሪክ ላይ እንዳለች ወንድሜ ብሎኑን ሊያጠብቅ ሲል ጋሼ እጁን ያዙት። «አየር ላይ እያለች ካጠበቅህ ላስቲኩ በማይሆን ቦታ ይታሰራል፤ መሬት ስትረግጥ ተጣሞ ይቀራል። መጀመሪያ በእግሯ ትቁም፣ ክብደቷን ትያዝ፣ ከዚያ ይጠብቃል» አሉ። መኪናዋን አውርደው፣ ጉድጓዱ ላይ ነድተው፣ ከሥር ገብተው አጠበቁት። በማግስቱ አላይመንት አስተካከልን።

ሐሙስ እማዬን አግባብተን ይዘናት ወጣን። ምን እንደ ተሠራ አልነገርናትም። እኔ መጽሐፍ አልያዝኩም። የመጀመሪያውን ኮብልስቶን ስንጀምር እጇ መያዣው ላይ ነበር። ጉብታውን ወጣን፤ መኪናዋ ተነሣች፣ ተቀመጠች፣ አበቃ። እማዬ ጥቂት ጠበቀች፤ ሁለተኛው ንጥረት ይመጣል ብላ ነው መሰለኝ። አልመጣም። ከሁለተኛው ጉብታ በኋላ እጇ ወረደና ጭኗ ላይ አረፈ። ትንሽ ቆይታ በመስኮቱ እያየች «መንገዱን ሠሩት እንዴ?» አለች።

ወንድሜ በመስተዋቱ አየኝና «አዎ እማዬ፣ ሠሩት» አላት።

የእማዬ ወገብ አልዳነም፤ ሕክምናው ገና ነው። እኔም የመመረቂያ ጽሑፌን በካምፓስ የኮምፒውተር ክፍል ተራ እየጠበቅሁ ነው የምጽፈው። መኪናዋም አጥራለች፤ የሰፈር ልጆች ዞር አይሉም። ባለፈው ሳምንት የበራችን መግቢያ ላይ ያለው ድንጋይ ሆዷን ፍቆት ወንድሜ ሲያጉረመርም ሰማሁ፤ አሁንማ ስፔሰሩን መልሶ ያስገባል ብዬ ፈራሁ።

እሑድ ጠዋት ስነሣ ወንድሜ ዶማ ይዞ በር ላይ ድንጋዩን ሲቆፍር አገኘሁት።