ለፈገግታዋ አመሰገንኳት

ይህን ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ሁለት ሳምንት ተመላለስኩ። ዛሬ ልጅቷን አስፈቅጄ፣ እሷም ስሟን እንዳልጠራ አስጠንቅቃኝ፣ ይኸው ጻፍኩት። ረጅም ነው። ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና እዚሁ አዲስ አበባ ሦስት ቀን የፈጀ የቴክኖሎጂ ጉባኤ ነበር። ስሙን አልናገርም። የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ላልነበራችሁት ደግሞ ስሙ ምንም አይጨምርላችሁም። እኔ የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ ነበርኩ። 31 ልጆች፣ ከነሱ 24ቱ ሴቶች። አብዛኞቹ ያስተማርኳቸው ናቸው፣ የቀሩት የነሱ ጓደኞች። የሥራ ድልድሉን አንድ ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ በኤክሴል ሠራሁት። አሁን ፋይሉን ስከፍተው አፍራለሁ። ድምፅ፣ ፕሮጀክተር፣ ኢንተርኔት… ወንዶች። ምዝገባ፣ እንግዳ መቀበል፣ ሻይ ቡና… ሴቶች። ማንም አላዘዘኝም። ሴት ተማሪዎቼን ዕድሜዬን ሙሉ "ከኋላ አትቀመጡ" ስል የኖርኩት እኔው ነኝ እንደዚያ የደለደልኩት።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ጉድ ፈላ። ባጆቹ የታተሙት "ላስት ኔም" በሚለው ተራ ነበር። የምዝገባው ፎርም ከውጭ የመጣ ስለሆነ የኛን ስም አያውቀውም። አንዱ የአባቱን ስም ሞልቷል፣ አንዱ የአያቱን፣ አንዱ ደግሞ ግራ ገብቶት ነጥብ ብቻ አስቀምጦ አልፏል። ሰው መጥቶ "እገሌ ነኝ" ሲል ልጆቹ ስሙን ከየትኛው ሳጥን ይፈልጉት? ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፉ ከአዳራሹ በር መኪና ማቆሚያው ድረስ ደርሷል። አንድ ትልቅ ሰው "እኔን ነው የምታሰልፉኝ?" ብለው ተቆጡ። (ተሰለፉ። በመጨረሻ እሳቸውም ሳቁ።)

በዚህ መሀል አንዷ ልጅ፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ክፍል ውስጥ ድምጿን ሰምቼ የማላውቃት፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ቲቸር፣ ትንሽ ደቂቃ ይስጡኝ" አለችኝ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ከፈተች። የተመዝጋቢዎቹን ዝርዝር ወስዳ፣ የስልክ ቁጥር የመጨረሻ 4 አሃዝ ሲጻፍበት የሰውየውን ስምና ባጁ ያለበትን ሳጥን የሚያወጣ ገጽ ሠራች። ለምን በስልክ? "ስማችንን እንዴት እንደጻፍነው እንረሳለን፣ ስልካችንን ግን አንረሳም" አለች። አራት አሃዙ የሁለት ሰው ሲሆን የራስን ስም መጠየቅ ነው፣ አለቀ። ሌሎቹ ልጆች ሳጥኖቹን ቁጥር ሰጧቸው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሰልፉ የለም። የዚያን ዕለት ማታ ደግሞ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሆና ያልተወሰዱትን ባጆች በሙሉ በራስ ስም ከሀ እስከ ፐ እንደገና ደረደረቻቸው። እኔ አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ ስለምመለስባት።

እነዚህ ልጆች በሦስቱ ቀናት የሠሩትን ሁሉ ብጽፍ አያልቅም፣ ሦስት ነገር ብቻ ልንገራችሁ።

አንደኛው የምሳው ነገር ነው። ጉባኤ የሄደ ያውቃል፣ ከንግግሩ ይልቅ የሚከብደው ምሳ ነው። የሚተዋወቁት ክብ ሠርተው ይስቃሉ፣ ከክልል ብቻውን የመጣ ተማሪ ሳህኑን ይዞ ግድግዳ ተደግፎ ስልኩን ያያል። ልጆቹ ይህን አይተው ከካርቶን ክዳን ላይ በማርከር "ብቻችሁን የመጣችሁ እዚህ ኑ" ብለው ጻፉና ጠረጴዛ ላይ አቆሙት። የመጀመሪያው ቀን የመጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፣ እነሱም እያፈሩ። በሦስተኛው ቀን አራት ጠረጴዛ ገጥመን አልበቃ አለ። ከጎንደርና ከጅማ የመጡ ሁለት ልጆች እዚያ ተዋውቀው፣ ዛሬም ድረስ ቅዳሜ ማታ በቴሌግራም አብረው ያጠናሉ። አሁን 19 ሆነዋል።

ሁለተኛዋ እናት ናት። ጽሑፍ ልታቀርብ የመጣች፣ የአምስት ወር ሕፃን የያዘች። የምታጠባበት ቦታ ስትጠይቅ "አልተዘጋጀም" ተባለች። ልክ ነው፣ አልተዘጋጀም። ማን ያዘጋጀው፣ ማንም አላሰበበትም፤ እኔም ወልጄ ያሳደግኩት ጭምር። ልጆቹ ባነርና ካርቶን የታጨቀበትን ትንሽ ክፍል ባዶ አደረጉላት፣ ወንበር አስገቡ፣ የበሩን መስታወት ከመካከላቸው አንዷ በራሷ ነጠላ ጋረደችው። ሴትዮዋ ንግግሯን ስታቀርብ ሕፃኑ ከበጎ ፈቃደኛ ወደ በጎ ፈቃደኛ ሲዘዋወር ቆይቶ በመጨረሻ የድምፅ ባለሙያው ልጅ ክንድ ላይ ተኛ። ልጁ ሕፃኑ እንዳይነቃ ብሎ ሃያ ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ ቆመ፣ ማይክ እንኳን ሲጮህ አልሄደም።

ሦስተኛው የማታው ነገር ነው። ፕሮግራሙ የሚያልቀው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ለትራንስፖርት የተያዘ ብር የለም። ልጆቹ በአቅጣጫ ተከፋፈሉ። መገናኛና ሰሚት፣ ሜክሲኮና ጀሞ፣ ፒያሳና ሽሮ ሜዳ። አራት አራት ሆነው ራይድ ይካፈላሉ፣ ሁሉም ቤቷ ስትደርስ ግሩፑ ላይ "ገባሁ" ብላ ትጽፋለች። ሁሉም ሳይጽፍ የሚተኛ የለም። የመጀመሪያው ማታ አንዷ ሳትጽፍ ቀረች። እስከ 4 ሰዓት ድረስ ስልኳ ዝግ ነው። ሌላዋ የሰፈር ልጅ ወንድሟን ቀስቅሳ ቤቷ ድረስ ሄደች። ለካ ባትሪ አልቆባት፣ መብራት ጠፍቶባት፣ እንቅልፍ ወስዷታል። በማግስቱ "ቻርጀሬ" የሚል ቅጽል ስም ወጣላት።

እንግዲህ የመዝጊያው ቀን መጣ። የምስጋናውን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ መድረክ ላይ ወጥቼ ያነበብኩትም እኔ። ስፖንሰሮች ተመሰገኑ። "የምዝገባ ሥርዓቱ ያለ ችግር እንዲሄድ ላደረገው የቴክኒክ ቡድናችን" ብዬ አስጨበጨብኩ። ከዚያ ሴቶቹን ወደ መድረክ ጠርቼ "ለሞቀ ፈገግታቸውና ለመስተንግዷቸው" አልኩ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ፎቶ ተነሣን። ያን ፎቶ እዚሁ ገጽ ላይ ለጥፌው ነበር፣ ብዙዎቻችሁ ልብ ሰጥታችሁታል።

አራት ወር አለፈ። ልጅቷ ለትምህርት ዕድል ስታመለክት የድጋፍ ደብዳቤ ጠየቀችኝ። ደስ ብሎኝ ቁጭ አልኩ። "ታታሪ፣ ታማኝ፣ ፈገግታ የማይለያት…" ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። ይሄ ደብዳቤ የማንንም ልጅ ሊሆን ይችላል። ደወልኩላትና "በጉባኤው የሠራሽውን ዝርዝር ጽፈሽ ላኪልኝ" አልኳት። ላከችልኝ። ሰባት መስመር ነው። ከመጨረሻው መስመር ሥር ደግሞ እንዲህ የሚል ነበረ፦

"ቲቸር፣ ያን ቀን ለምዝገባው የቴክኒክ ቡድኑ ሲመሰገን ልጆቹ ራሳቸው ዞረው እኔን አዩኝ። እኔ ግን እርስዎ ያውቃሉ ብዬ ዝም አልኩ።"

እርስዎ ያውቃሉ ብዬ።

አውቅ ነበር እኮ! አጠገቧ ቆሜ ነበር። ግን ወረቀቱን ስጽፍ "ሲስተም" የሚለውን ቃል የጻፍኩት እጅ "የቴክኒክ ቡድን" ብሎ ቀጠለ፣ "ምዝገባ ላይ የነበሩ ሴቶች" የሚለውን ሲጽፍ ደግሞ "ፈገግታ" ብሎ ጨረሰ። ማንም ወንድ ቢያደርገው ኖሮ እዚህ ገጽ ላይ ሦስት ቀን እጮህበት ነበር።

ያን ሰሞን እንቅልፍ ስላልነበረኝ ለክፍል የማስተምረውን የድሮ ማስታወሻዬን አወጣሁ። የማስተምረውን ራሴ እንዳልሰማሁት የገባኝ ያኔ ነው። አኒታ ቦርግ የምትባለው አሜሪካዊት የኮምፒውተር ሳይንስ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ የኦፕሬቲንግ ሲስተም ጉባኤ ላይ ነበረች። ከዚያ ጉባኤ ዛሬ በብዛት የሚነሣው እዚያ የነበሩት ጥቂት ሴቶች ተገናኝተው መነጋገራቸው ነው፤ "ሲስተርስ" የተባለው የኢሜይል መረብ የተወለደው ከዚያ ነው። በ1994 ከቴል ዊትኒ ጋር በግሬስ ሆፐር ስም የሴቶችን ጉባኤ ጀመረች። "ውመን ኢን ማሽን ለርኒንግ" ደግሞ መነሻው ጉባኤ ሄደው የሆቴል ክፍል የተጋሩ ተማሪዎች የማታ ወሬ ነው፤ የመጀመሪያ ስብሰባቸውን በ2006 አደረጉ።

የኛዎቹንም ታውቃላችሁ። ሁለቱም አዲስ አበባ ያደጉት ትምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ በ2017 "ብላክ ኢን ኤአይ"ን መሠረቱ። ትምኒት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ባርሴሎና ላይ በሺዎች በሚቆጠር ሰው መሀል ጥቁሮቹን ስትቆጥር በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ2018 ጉባኤው ሞንትሪያል ሲሆን ብዙ አፍሪካውያን ቪዛ ተከለከሉ። አይ.ሲ.ኤል.አር የተባለው ትልቁ ጉባኤ በ2020 አዲስ አበባ ሊመጣ የነበረውም እንዲህ ያለው ጩኸት ከተሰማ በኋላ ነው። ኮሮና መጣና በኢንተርኔት ብቻ ሆነ፤ በ2023 ኪጋሊ ላይ ተደረገ። ያኔ ስንት ልጆቼ በጎ ፈቃደኛ ለመሆን ሸሚዝ አዘጋጅተው እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

እራት፣ የሆቴል ክፍል፣ ራስን መቁጠር። ይህን ሁሉ ለተማሪ ስተርክ ኖሬ፣ የካርቶኑን ጽሑፍ "መስተንግዶ" ብዬ መዘገብኩት።

ደብዳቤውን እንደገና ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ሆነ። ፈገግታ የሚለው ቃል የለበትም። ልጅቷንም ይቅርታ ጠየቅኳት። "ኧረ ቲቸር፣ ምንም አይደለም" አለች፣ እንደ ሁላችንም። ምንም አይደለም የምትሉትን ነገር ተዉት አልኳት፣ ነው።

የዘንድሮው ጉባኤ ደርሷል። ድልድሉን በዕጣ ላድርገው ብዬ ስነሣ አንዷ ልጅ ተቃወመችኝ። "ቲቸር፣ እኔ ምዝገባ ነው የምፈልገው። ሰው ሁሉ በኔ በኩል ያልፋል፣ አምና ሥራ ያገኘሁት እዚያ ነው" አለች። ይህን አላሰብኩትም ነበር። ጠረጴዛው ላይ ምን ችግር አለው? እንደ ሥራ ያልቆጠርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ዕጣው ቀርቶ እያንዳንዱ ሰው በየግማሽ ቀኑ ይቀያየራል፣ ሁሉም ሰው ንግግር የሚያዳምጥበት ግማሽ ቀን አለው፣ የማታ ትራንስፖርት በጀት ውስጥ ገብቷል (በስንት ጭቅጭቅ!)፣ የማጥቢያ ክፍል ካርታው ላይ አለ። የምስክር ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው "ተሳትፋለች" ሳይሆን የሠራችው ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ሴቶቹ እንግዳ ሲቀበሉ ያምርባቸዋል እኮ፣ ለምን ታንገላቻቸዋለሽ?" አለኝ። ወንድሜ፣ አንተን ሦስተኛው ቀን ሻይ ላይ መድቤሃለሁ፣ አልኩት። የቀለድኩ መስሎታል።

የፕሮጀክተሩና የኢንተርኔቱ ኃላፊ ዘንድሮ ያቺው ልጅ ናት። ትናንት የድልድሉን ዝርዝር ግሩፑ ላይ ስለጥፍ አምና ድምፅ ላይ የነበረው፣ ሕፃኑ ክንዱ ላይ የተኛበት ልጅ፣ የመጀመሪያውን ጠዋት ምዝገባ ላይ ደረሰው። በውስጥ መስመር "ቲቸር፣ ባጁ የሚደረደረው በአማርኛው ፊደል ነው በእንግሊዝኛው?" ብሎ ጻፈልኝ።

እሷን ጠይቃት አልኩት።